ዓርብ ማታ ተረኛ፣ ቅዳሜ ተማሪ

ነርስ ነኝ፤ የሆስፒታላችን የሚቀጥለው ወር የተረኝነት ፕሮግራም ዛሬ ተለጠፈ። ዓርብ ማታ አሁንም የእኔ ነው። ቅዳሜ ንጋት ርክክብ ጨርሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ከፒያሳ በባጃጅ ሮጬ ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍል መገኘት አለብኝ። የደሴ ብርድ ባይኖር ኖሮ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። ተረኝነቱን የምትመድበው ሄድ ነርሳችን ክፉ ሰው አይደለችም። «ከማን ጋር ላቀያይርሽ የኔ እህት?» ስትለኝ እውነቷን ነው። በዲፕሎማ እየሠራን ቅዳሜና እሁድ ዲግሪ የምንማር በዝተናል፤ ሁላችንም የምንሸሸው ያችኑ ዓርብ ነው።

ሰው ሥራና ትምህርት ተደራርቦባት ደከመች ብሎ ያዝንልኛል። እኔ ግን ሁለቱን አብሮ ማስኬዱን እወደዋለሁ። ባለፈው መምህራችን ስለ አልጋ ቁስል ሲያስረዳ፣ ራሱን ማገላበጥ የማይችል ታካሚ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ ሲል ከኋላ ሳቅ ተሰማ። የሳቅነው የማታ ተረኞቹ ነን። ከባድ ታካሚ ለማዞር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ብቻሽን ጎትተሽ ካዞርሽው ቆዳውን ትልጪዋለሽ። ማታ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ስለማይገኝ አስታማሚ እቀሰቅሳለሁ። አባታቸውን ይዘው ከተንታ የመጡ አንዲት እናት አሉ፤ አንሶላውን ከሥር ይዞ ማንሳቱን አሳየኋቸው፣ ስልካቸው ላይም ደወል ሞላሁላቸው። በአባታቸው ባት ሥር ጋቢ አጥፈን ስናስገባ ተረከዛቸው ከፍራሹ ተነሣ። አሁን ሲደወል እኔን ከመጥራታቸው በፊት ጋቢውን አስተካክለው ይጠብቁኛል። «አላህ ይጨምርልሽ ልጄ፣ አንቺ ሂጂና ጋደም በይ» ይሉኛል። ተረኛ ጋደም እንደማይል ማን ይንገራቸው! ይህን በመውጫ ፈተናም ሆነ በሙያ ፈቃድ ምዘና የሚጠይቀኝ የለም፤ ግን ያን ቀን ከክፍል የወጣሁት ደስ ብሎኝ ነው።

የሚያደክመኝ ልመናው ነው። ሰው ሲጎድል «አንቺ እኮ ስታፍ ነሽ» እባላለሁ፤ ለፈተና ፈቃድ ስጠይቅ ደግሞ «ተማሪነትሽ የራስሽ ጉዳይ ነው»። ንዴቴ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እስከማንበብ አደረሰኝ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓት ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። የትምህርት ፈቃድ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩን ለኅብረት ስምምነት ወይም ለሥራ ደንብ ይተወዋል። እኛ ጋ ኅብረት ስምምነት የለም፤ የሥራ ደንቡንም ያየ ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጠው ፊት እየታየ ነው፤ አለቃ ጋ ሻይ የጠጣ ይወስዳል።

ማመልከቻ ልንጽፍ ተስማምተናል። የምንጠይቀው ትንሽ ነው፦ የክፍልና የፈተና ቀናችንን አስቀድመን እናስገባ፣ ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ይውጣ። ሄድ ነርሷ ሰምታ «አምጡት፣ እኔ ታይፕ አደርገዋለሁ» አለች። ለካ እሷም በመስከረም ማስተርስ ልትመዘገብ ነው።