መኪናውን ካልወደዳችሁት፦ ከፋይናንስ ውል የወጣሁበት መንገድ

መኪናዬ አልተበላሸም ነበር። ሞተሩ ጤነኛ፣ ሰርቪሱ የተሟላ፣ ቀለሙም የሚያምር። እኔ ግን መንዳቱን ጠላሁት።

ሥራዬ ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። እንግሊዝ አገር ይህን ሥራ የምትሠሩ ብዙ ስለሆናችሁ ውሎዬን ታውቁታላችሁ። ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ በጨለማ መግባት ነው። መኪናው አውቶማቲክ ነው። አደባባይ ላይ ለመግባት ነዳጅ ስረግጥ መጀመሪያ ያመነታል፣ ከዚያ በድንገት ይወረወራል። የኋላው መስኮት ጠባብ ስለሆነ ወደኋላ ስነዳ ልቤ አፌ ውስጥ ይገባል። ማሞቂያውን ከፍ ለማድረግ እንኳ እየነዱ ስክሪን መነካካት ግድ ነው። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ነድቶ አየውና «ምንም የለውም እህቴ፣ ይሄ ሞዴል ሲሠራም እንዲሁ ነው» አለኝ።

ይህች መልስ ብዙ ነገር ትወስናለች። መኪናው እውነተኛ ብልሽት ቢኖረው ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ፣ ስትረከቡት ጉድለት የነበረበትን መኪና በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ የመመለስ መብት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ እንዲጠገን ዕድል ይሰጣል፤ ካልተስተካከለ ትመልሱታላችሁ። አለመውደድ ግን ጉድለት አይደለም። ሕጉ «ደስ አላለኝም» የሚል አንቀጽ የለውም።

ምክር አልጎደለኝም። አንዷ ዘመዴ «ቻይው፣ ዕዳው ሲያልቅ ትሸጪዋለሽ» አለችኝ። ሌላው ወዳጄ ደግሞ «መክፈል አቁሚ፣ መጥተው ይውሰዱት» አለኝ። እባካችሁ ይህንን ሁለተኛውን አትስሙ። መክፈል ብታቆሙ መኪናው ይሄዳል፣ ዕዳው ግን አብሮ አይሄድም። ውሉን ባለመክፈል አፈረሳችሁ የሚለው መዝገብም ክሬዲት ፋይላችሁ (የብድር ታሪካችሁ መዝገብ) ላይ 6 ዓመት ይቀመጣል። ነገ ቤት ልትገዙ ስትሉ ይህ ነው በሩን የሚዘጋባችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር 14 ቀኗ ናት። የብድር ውል ከፈረማችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ከብድሩ መውጣት ትችላላችሁ፣ እውነት ነው። ግን የምትወጡት ከብድሩ እንጂ ከመኪናው አይደለም። መኪናው እናንተ ጋር ይቀራል፣ ብሩን ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ በ30 ቀን ውስጥ መክፈል አለባችሁ። ሾውሩም ሳትሄዱ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የገዛችሁት ከሆነ ግን የግዢው መሰረዣ ራሱን የቻለ 14 ቀን ስላለው ወረቀታችሁን እዩ።

እኔን ያወጣኝ በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ ነው። አንቀጽ 99 እና 100። ውላችሁ ሃየር ፐርቸስ (ዕዳው እስኪያልቅ መኪናው የኩባንያው ሆኖ በየወሩ የምትከፍሉበት) ወይም ፒሲፒ (ወርሃዊው ዝቅ ብሎ መጨረሻ ላይ ትልቅ ክፍያ የሚቀርበት) ከሆነ፣ የመጨረሻው ክፍያ ከመድረሱ በፊት በፈለጋችሁ ጊዜ ውሉን አቋርጣችሁ መኪናውን መመለስ ትችላላችሁ። ምክንያት አትጠየቁም። ኃላፊነታችሁ የጠቅላላው ዋጋ ግማሽ ላይ ይቆማል። ይህን መብት በውል ውስጥ ጽፎ መሻርም አይቻልም። ሰዎች ባጭሩ «ቪቲ» ይሉታል፣ ቮሉንተሪ ተርሚኔሽን ለማለት።

ግማሽ ሲባል የመኪናው ዋጋ ግማሽ አይደለም። ውሉ ላይ «ጠቅላላ የሚከፈል» የሚል ቁጥር አለ፤ ቅድመ ክፍያውን፣ ወለዱን፣ ክፍያዎቹን ሁሉ ይጨምራል። የእርሱ ግማሽ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ሃየር ፐርቸስ ወስዳችሁ 1,500 ፓውንድ ቅድመ ክፍያ ከፈላችሁ፣ ከዚያ በወር 350 ለ48 ወር። ጠቅላላው 18,300፣ ግማሹ 9,150 ነው። 22ኛው ወር ላይ ግማሹን ታልፋላችሁ።

ፒሲፒ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። መጨረሻ ላይ ያለው ትልቁ ክፍያም ጠቅላላው ውስጥ ይቆጠራል። በተመሳሳይ 1,500 ቅድመ ክፍያ፣ በወር 240 ለ48 ወር፣ መጨረሻ ላይ 6,600 ብትሉ ጠቅላላው 19,620 ይሆናል። ግማሹ 9,810። ወርሃዊው ትንሽ ስለሆነ እዚያ የምትደርሱት 35ኛው ወር ላይ ነው። ሻጩ «ወርሃዊው ቀላል ነው» ሲላችሁ ይህችን አይነግራችሁም። ለዚህ ነው ፊርማ ከማኖር በፊት «ግማሹን መቼ ነው የማልፈው?» ብላችሁ ጠይቁ የምለው።

ግማሹ ካልሞላ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ። ካለፈ ደግሞ የሚመለስላችሁ ነገር የለም። ያመለጠ ወርሃዊ ክፍያ ካለም እርሱ ይጠበቅባችኋል።

ቪቲ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውሉና ዕዳውን ዛሬ ለመዝጋት ስንት እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ከዚያ መኪናው ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ እዩ። መኪናው ከዕዳው በላይ ካወጣ መመለስ ኪሳራ ነው፤ ዕዳውን ዘግቶ መሸጥ ይሻላል። ዕዳው ሳይዘጋ ግን አትሽጡት፤ እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ የፋይናንስ ኩባንያው ነው። የእኔ መኪና ከዕዳው በታች ነበር የሚያወጣው። ዲለሩ «በሌላ ልቀይርልሽ» ብሎኝ ነበር። ቀሪውን ዕዳ በአዲሱ መኪና ላይ ደርቦ ማለት ነው። የጠላሁትን መኪና ዕዳ በሌላ መኪና ላይ ተሸክሜ አልዞርም አልኩ።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ኩባንያው ጋር ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች። በኢሜይል ፎርም ላከችልኝ። ፎርሙ ላይ ግን የሰፈረው «ቮሉንተሪ ሰረንደር» ነው። ሁለቱን ቃላት ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ። ሰረንደር ከፈረማችሁ መኪናውን አስረክባችሁ፣ እነሱ በጨረታ ሸጠው፣ የጎደለውን ቀሪ ዕዳ ሁሉ ከእናንተ ይጠይቃሉ። የግማሽ ጣሪያው የለም። በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ የሚያስከፍል ልዩነት በአንዲት ቃል ተደብቆ ሲላክልኝ በጣም ነው ያዘንኩት። እንግሊዝኛው የማይቀናው ሰው ፈርሞ ይልከዋል እኮ!

ፎርሙን ተውኩትና ራሴ ደብዳቤ ጻፍኩ። አጭር ነው። የውሉ ቁጥር፣ «በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 99 መሠረት ውሉን አቋርጫለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ መኪናውን እንዲወስዱ ጥያቄ፣ ቀን። በኢሜይልም በተመዘገበ ፖስታም ላክሁት። መጻፍ ለሚከብዳችሁ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት በነጻ ያግዛል።

መኪናውን ከመስጠቴ በፊት አጠብኩትና በቀን ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አነሳሁ። ጎማዎቹን፣ ወንበሮቹን፣ የማይል ቁጥሩን። ሕጉ የሚጠብቅባችሁ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ከአጠቃቀም የሚመጣ ተራ ጭረት አያስከፍልም። ሆኖም ለበር ጭረት ሂሳብ ላኩልኝ። ፎቶዎቹን አያይዤ መለስኩላቸው፣ ተዉት። ባይተዉት ኖሮ አቤቱታ አስገባ ነበር። ለአቤቱታ መልስ 8 ሳምንት አላቸው። ያ ጊዜ ካለፈ ወይም መልሳቸው ካልጣማችሁ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን (የፋይናንስ ቅሬታ የሚዳኝ ገለልተኛ አካል) መሄድ ይቻላል፤ የመጨረሻ መልሳቸውን ካገኛችሁ በ6 ወር ውስጥ ነው፣ ክፍያ የለውም።

ክሬዲት ፋይሌ ላይ ውሉ በቪቲ መዘጋቱ ተጽፏል። ያለመክፈል መዝገብ ግን አይደለም። መኪናው እንደሄደ ለመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ለዲቪኤልኤ አሳወቅሁ፣ ኢንሹራንሱንም አቋረጥኩ።

መኪናውን በተራ የባንክ ብድር የገዛችሁ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም፤ መኪናው የራሳችሁ ስለሆነ ዛሬውኑ ሸጣችሁ ብድሩን መቀነስ ትችላላችሁ። ሊዝ (ኪራይ) ከሆነም የግማሹ ሕግ አይሠራም፣ የማቋረጫ ክፍያው ውሉ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት ወረቀቱን አውጡና ራስጌው ላይ የተጻፈውን የውሉን ዓይነት እዩ።