«ገና ዘጠኝ መቼ ሆነና»፦ ሞንሳንቶ ተራራ ላይ የሆነው

ሚኒባሱ በግድግዳና በቋጥኝ መሀል ተወትፎ ሲቆም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40 ነበር። (እዚህ ያለው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፖርቱጋሉን የሚፈልግ 6 ይጨምርበት።) በግራ የአንድ ቤት ጥግ፣ በቀኝ ከቤቱ የሚገዝፍ ድቡልቡል ግራናይት። ቋጥኙ ላይ፣ ልክ በስፖኪዮ ቁመት፣ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ የቀለም ጭረት ተደራርቦ ይታያል። ከዚያ በፊት ስንት መኪና እንደተሳሳተ ከድንጋዩ ይነበባል።

ቦታው ሞንሳንቶ ነው። በምሥራቅ ፖርቱጋል፣ በካስቴሎ ብራንኮ አውራጃ፣ በኢዳንያ አ ኖቫ ሥር ያለች መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1938 በተደረገ ውድድር «ከፖርቱጋል መንደሮች ሁሉ ይበልጥ ፖርቱጋላዊቷ» ተብላ ተመርጣለች፤ የሽልማቱ የብር አውራ ዶሮ ቅጂ ዛሬም ሉካኖ በሚባለው የመንደሩ ማማ አናት ላይ ቆሟል። የላሊበላን ቤተ ክርስቲያኖች እያየ ያደገ ሰው እዚህ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጥበታል። ላሊበላ ላይ ድንጋዩ ተፈልፍሎ ቤት ሆነ፤ ሞንሳንቶ ላይ ድንጋዩ እንዳለ ተትቶ ቤቱ ይጠጋጋለታል። አንዱ ቋጥኝ የሳሎን ግድግዳ ነው፣ ሌላው ብቻውን ጣሪያ ነው። ግራናይቱ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት በታች የቀዘቀዘ ነው። የተሰነጠቀበትን መስመር ተከትሎ ውሃ ሲገባበት ጠርዝ ጠርዙ እየፈረሰ አሸዋ ሆነ፣ መሀሉ ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። ያ ሻካራ አሸዋ በየደረጃው ላይ ተበትኖ ይገኛል፤ ሲወርዱ ብዙ ሰው የሚያንሸራትተው እሱ ነው።

ተጓዦቹ 11 ሐበሾች ነበሩ፤ ከጀርመን፣ ከስዊድንና ከሊዝበን የተሰባሰቡ ዘመዳሞች። ወደዚህ አካባቢ ያመጣቸው የፔሮ ዳ ኮቪልያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1487 በንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ ትእዛዝ ከፖርቱጋል ተነሥቶ በአፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ የገባው፣ ከዚያ እንዳይወጣ ተከልክሎ ሚስት አግብቶ የቀረው፣ በ1520 የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን በሕይወት ያገኘው ሰው። የትውልድ ከተማው ኮቪልያ ከሞንሳንቶ ሩቅ አይደለችም። አብሮት ተነሥቶ ግብፅ ላይ የሞተው አፎንሶ ዴ ፓይቫም የካስቴሎ ብራንኮ ሰው ነው።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። ካስቴሎ ብራንኮ አድሮ 2 ሰዓት ላይ መነሣት፣ 3 ሰዓት ሞንሳንቶ መድረስ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ከመንደሩ በላይ ተራራው አናት ላይ ያለውን ግንብ አይቶ መውረድ። ጊዜው ግን ነሐሴ፣ የፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ከ11ዱ 6ቱ ይጾማሉ። የሚበሉት ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ፣ ሻንጣ ሲባል፣ ፎቶ ሲባል መነሻው 3 ሰዓት ተኩል ሆነ። አስጎብኚው ስለ ጾሙ የጠየቀው ምሳ ለማዘዝ ብቻ ነበር፤ «የጾም ምግብ የሚፈልገው ማን ነው?» ብሎ። «እስከ ስንት ሰዓት ውሃም የማይቀምሰው ማን ነው?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው።

መኪናው የተወተፈበት ምክንያት ቀላል ነው። አስጎብኚው ስልኩ ላይ መድረሻ ብሎ ያስገባው ግንቡን ራሱን ነበር፤ ካርታው ደግሞ መኪና እስከሚገባበት የመጨረሻ ጠባብ መንገድ ድረስ ይመራል። 16 ሰው የሚጭን ሚኒባስ ከነስፖኪዮው 2 ሜትር ከ35 ገደማ ይሰፋል፤ የመንደሩ መንገድ ደግሞ ለበቅሎ የተሠራ ነው። መድረሻ ተብሎ መሞላት ያለበት በመንደሩ መግቢያ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። እሱ ከሞላ ወደ ኋላ ተመልሶ በመውጫው አስፋልት ዳር መቆም ነው፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብዬ ቦታ ላግኝ ማለት አያዋጣም።

ከተወተፉ በኋላም ትክክለኛ አወጣጥ አለው። አስጎብኚው፣ ሾፌሩም እሱው ነበር፣ ደንግጦ በግማሽ ፍሪሲዮን ዳገቱን ሊገፋ ሞከረ። 5 ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ መንገዱን ሞላው። በብዙ እግርና ጎማ የለሰለሰ ጥርብ ድንጋይ ላይ ጎማ ስለማይቆነጥጥ ኃይል መጨመር ወደ ቋጥኙ ከማስጠጋት በቀር አይረዳም። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይወርዳል። ስፖኪዮዎቹ ይታጠፋሉ። አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይቆማል፤ ሁለቱም ለሾፌሩ የሚታዩበት ቦታ፣ ግን በመኪናውና በግድግዳው መሀል ሳይገቡ። የእጅ ምልክት አስቀድሞ ይስማሙበታል፣ ሌላው ሰው ዝም ይላል። አምስት ሰው በአንዴ «ና፣ ና»፣ «ቁም!» ሲል ነው በር የሚላጠው። ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ፣ ቁም፤ መሪ ማስተካከል፣ አንድ ክንድ፣ ቁም። ከኋላ የተከማቹት ሦስት መኪኖች በየተራ እስኪመለሱ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሄደ። ሚኒባሱ ማቆሚያው ላይ ሲደርስ 6 ሰዓት ከ20 ሆኗል።

እስከዚህ ድረስ የጠፋው ሰዓትና ትንሽ ቀለም ብቻ ነው። አደጋው የመጣው የጠፋውን ሰዓት ከዳገቱ ላይ ለማካካስ ሲሞከር ነው። «እየፈጠንን እንውጣና 8 ሰዓት ምሳ እንደርሳለን» ተባለ። ነሐሴ ላይ በዚህ አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው በ6 ሰዓት አይደለም፤ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የበጋው ሰዓት በአንድ ወደፊት ተገፍቷል፣ አገሩም ወደ ምዕራብ የራቀ ነው። የሙቀቱ ጫፍ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ 10 ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ «ከቀትር በኋላ ይበርዳል» ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ግንቡ ከባሕር ጠለል 758 ሜትር ላይ ነው። ከመንደሩ የላይኛው ጫፍ ለጤነኛ ሰው 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ግን መንገዱ ጥላ የለውም፤ ቋጥኞቹም ከጠዋት ጀምሮ የያዙትን ሙቀት ከጎን ይተፋሉ። ውሃው ካርቶኑ ውስጥ ሚኒባሱ ላይ ቀርቷል። ሰው የያዘው በየእጁ ያለችውን ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እሷም መኪናው ሲወጣ ቆሞ ሲጠብቅ ተጋምሳለች።

አስጎብኚው ከፊት መራ። ከቡድኑ አንጋፋዋ፣ የ67 ዓመት እናት፣ ከኋላ ቀሩ። አንዲት የእህታቸው ልጅ አብራቸው ነበረች።

«እማማ፣ ትንሽ ውሃ ይጎንጩ እንጂ።»

«ልጄ፣ ገና ዘጠኝ መቼ ሆነና።»

ከቅጥሩ በታች ትንሽ ወረድ ብላ የሳን ሚጌል ቤተ ጸሎት አለች፤ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናት፣ ጣሪያዋ የለም። ዙሪያዋ ያለው ዓለት ላይ መቃብሮች ተፈልፍለዋል፤ በሰው ልክ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ ለራስ ለብቻው ክብ ጉድጓድ ወጥቶለት። እማማ እዚያ ሲደርሱ ከመቃብሮቹ በአንዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ነጣ፣ ላባቸው ቀዝቃዛ ሆነ፣ ማቅለሽለሽ ያዛቸው፣ ሊነሡ ሲሉ ዞረባቸው። ጠዋት የዋጡት የደም ግፊት ኪኒን ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ነው፤ ሰውነታቸው የቀረውን ውሃም እያወጣ ነበር። እነዚህ ምልክቶች በሙቀት የመዛል ናቸው። ሰውየው ንግግሩ ከተምታታ፣ ማን እንደሆነና የት እንዳለ ከጠፋው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወዲያው ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር 112 መደወል፣ እስኪመጡም በተገኘው ውሃ ሁሉ ገላውን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

የእህታቸው ልጅ ነርስ ስለሆነች የተደረገው ሁሉ ትክክል ነበር። በቤተ ጸሎቷ ግድግዳ ጥላ አስተኛቻቸው፣ እግራቸውን ቦርሳ ላይ ከፍ አደረገች፣ ነጠላቸውን አርጥባ አንገታቸውና ብብታቸው ሥር አደረገች፣ በኮፍያ አራገበች። ውሃው ላይ ግን እማማ እምቢ አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም፣ ማንም አላስገደዳቸውም። የንስሐ አባታቸው ጋ ስልክ ተደወለ፤ ጀርመን ናቸው፣ ከቅዳሴ በፊት አነሡት። ነገሩን ሰምተው «ጠጪ፣ ልጄ» አሉ። በሁለት ሊትር ጠርሙስ ሳይሆን በጠርሙስ ክዳን ነው የተጀመረው፤ ሲጎነጩ፣ ሲያርፉ፣ እንደገና ሲጎነጩ። ያቅለሸለሸው ሰው በአንዴ ከጠጣ ያስመልሰዋል። ከእርዳታ ቦርሳው አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የጠፋ ፈሳሽ የሚተካ የጨውና የስኳር ዱቄት) በአንድ ሊትር ውሃ ተበጠበጠ፤ ያም ሊትር ከአምስት ሰው ጠርሙስ ተለቃቅሞ ነው የሞላው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላቸው ሊደወል ተወስኖ ነበር፤ በ20ኛው ደቂቃ ፊታቸው ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት ወጣቶች አልነበሩም። ቀድመው ሮጠው በወዲያኛው በኩል የወረዱት ነጭና ቀይ ምልክት እየተከተሉ ነው። እዚያ አገር ነጭ ከላይ ቀይ ከታች የረጅም ጉዞ መንገድ ምልክት ነው፤ ቢጫና ቀይ ግን የአጭሩ። የተሻገረ መስቀል ካዩ በዚያ መሄድ የለም ማለት ነው። ሞንሳንቶን ከሌሎቹ 11 ታሪካዊ መንደሮች ጋር የሚያገናኘው ረጅም መንገድ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ዙር ስለሆነ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ይመልሰኛል ብሎ የሚከተለው ሰው ወደ ሌላ መንደር ነው የሚሄደው። 10 ሰዓት ላይ ተገኙ።

በዚህ መስመር ሰው ለሚመራ ሁሉ፦ ከፊት መሄድ መምራት ይመስላል፣ ዳገት ላይ ግን የአስጎብኚ ቦታ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነው። ፊት የሚሄድ ታማኝ ሰው ተመርጦ መንገዱ በሚከፈልበት ሁሉ እንዲቆም ይነገረዋል። ውሃው ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ከመኪናው ሲወረድ በየቦርሳው ይገባል። የመነሻ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ ደግሞ የሚሰረዘው ግንቡ ነው፤ ምሳውና ዕረፍቱ አይነኩም። ጾምን በተመለከተ መፍረድ የአስጎብኚ ሥራ አይደለም። ሥራው ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ማን እስከ 9 ሰዓት እንደሚቆይና ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቆ፣ የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው እንዲያማክሩ መንገር፣ ቀኑንም በዚያ ልክ መቁረጥ ነው። የፍልሰታ ተጓዥ ዳገቱን ፀሐይ ሳትከር ይወጣል፣ ከ5 ሰዓት እስከ 11 ጥላ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ውሃውን ቀስ በቀስ ይሞላል።

በማግስቱ ቀኑ ተገለበጠ። ከመውጣታቸው በፊት የዕለቱ የደን እሳት አደጋ ደረጃ ታየ፤ የፖርቱጋል ሜትሮሎጂ በየወረዳው በአምስት ደረጃ ያወጣዋል፣ ላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ሲደርስ በደን ውስጥ መሄድ ሊከለከል ይችላል። ለቀትር የተመደበው ኢዳንያ አ ቬልያ ነው። ሜዳ ላይ ያለ የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ ነው፣ ጥንታዊው ካቴድራል ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ የቴምፕላሮቹ (የመስቀል ጦርነት ዘመን መነኮሳት ወታደሮች) ግንብ በሮማውያን ቤተ መቅደስ መሠረት ላይ ተቀምጧል። እዚያ ከተገኙት ጽሑፎች አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ16 ዓመት አንድ የሜሪዳ ሰው ለከተማዋ ሰዓት በስጦታ መስጠቱን ይናገራል። ፔንያ ጋርሲያ ደግሞ ለ11 ሰዓት ተኩል ተተወ። የፖንሱል ወንዝ በሰነጠቀው ገደል ውስጥ፣ ከውሃ ወፍጮዎቹ በላይ፣ ከ480 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ላይ የተሳቡ እንስሳት ዱካ በድንጋይ ላይ ቀርቷል፤ ሹሩባ ይመስላል፣ መሀሉ ተከፍሎ ሁለት ጎን የተጎነጎነ። በቀትር ብርሃን አይታይም። ፀሐይዋ ዝቅ ስትልና ከጎን ስትመታው ነው እያንዳንዱ ጉንጉን ጥላ የሚያወጣው።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ እማማ ዱላ ይዘው ወደ ሞንሳንቶ ግንብ ወጡ። አራት ጊዜ አርፈው 35 ደቂቃ ወሰደባቸው፤ አስጎብኚው ከኋላቸው ነበር። ንጉሥ አፎንሶ ኤንሪኬስ እ.ኤ.አ. በ1165 ለቴምፕላሮች ከሰጠው ቅጥር ላይ ቆመው በምሥራቅ የስፔንን ሜዳ አዩ። «ያ እኛ አገር የቀረው ሰውዬ የተወለደው የት ጋ ነው?» አሉ። አስጎብኚው ዞሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ገና ጭጋግ ወዳልለቀቀው ወደ እስትሬላ ተራራ በእጁ አመለከታቸው፤ ከዚያ ግርጌ ነው። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ ወደዚያ አዩ።