መድኃኒት ፍለጋ መጥቼ መድኃኒት ትከለክለኛለህ?

"ያረጀ ውሻ አይደል እንዴ!" የሚል ንግግር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከመንገደኛ ብሰማው አልፈው ይሆናል። እኔ የሰማሁት ግን ከሙያ ባልደረባዬ ነው። እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሥራችን በአብዛኛው ላምና ዶሮ ነው። ውሻ የሚመጣልን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ስለዚህ አንድ የሰኔ ጠዋት፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ዓሣ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ታይሰንን በባጃጅ ጭነው ሲመጡ፣ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው የክትባት ካርድ ነበር።

"ክትባቱን ተወው ልጄ። እግሩን እይልኝ" አሉ።

ታይሰን ትልቅ ክልስ ውሻ ነው። አሥር ዓመት አልፎታል። ከባጃጁ ሲወርድ የኋላ ቀኝ እግሩን መሬት ላይ በደንብ አያሳርፍም። ጠዋት ከተኛበት ለመነሳት ይቸገራል። ትንሽ ሲራመድ ይፍታታል። የበረንዳውን ደረጃ መውጣት ከተወ ቆይቷል።

"አሞት ግን አያውቅም" አሉ እትዬ። "አንድም ቀን አልጮኸም።"

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ውሻ መገጣጠሚያው ሲያመው አይጮህም። ይተዋል። መዝለሉን ይተዋል፣ ደረጃውን ይተዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ሮጦ መቀበሉን ይተዋል። እኛ ደግሞ እርጅና ነው እንላለን። እርጅና ብቻውን አያስነክስም። የሚያስነክሰው ሕመም ነው።

ታይሰንን አቁሜ የእትዬን ሁለት እጆች ያዝኩና ከኋላ በኩል በሁለቱ ጭኖቹ ላይ አሳረፍኳቸው። "ይጫኑት፣ አይዞዎት" አልኳቸው። ግራው ጭን ሞላ ብሏል፤ እጅ ውስጥ ይገባል። ቀኙ ላይ ጣታቸው አጥንት አገኘ። ጡንቻው ሟሟል። እንዲህ የሚሆነው እግሩን ለወራት ሲቆጥብ ነው። እትዬ እጃቸውን ሳያነሱ ቆዩ።

"ይኼ ሁሉ ዓይኔ ሥር እያለ?" አሉ።

ከዚያ የቀኝ እግሩን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሳብኩት። አልጮኸም። ጆሮውን ጣለ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ዞሮ እጄን አየ። ዳሌው ነው። በእኛ አካባቢ መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታም መገጣጠሚያ ስለሚያሳብጥ ትኩሳቱን ለካሁ፣ ድዱንም ገልጬ አየሁ። ትኩሳት የለውም። ድዱ ግን ነጥቷል። ድድ ሲነጣ ደም ማነሱን ይጠቁማል፤ ለመገጣጠሚያ ሕመም የመጣ ውሻ ድዱ መንጣት የለበትም።

"ሰገራው ምን ይመስላል?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ጥቁር ነው። ጉበት ስለሰጠነው ይሆናል።"

"ምን መድኃኒት ሰጥተውታል?"

ቦርሳቸውን ከፍተው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሰው ሕመም ማስታገሻ አወጡ። ባለ 50 ሚሊግራሙ። "ለእኔ ጉልበት የታዘዘልኝ ነው። የእሱም እግር ነው። እኔን ካሻለኝ እሱን ለምን አያሽለውም ብዬ በሥጋ እየጠቀለልኩ ሰጠሁት።"

ልቆጣቸው አልቻልኩም። ለራሳቸው የተገዛ መድኃኒት ነው ያካፈሉት። ግን ዳይክሎፌናክ ለእኛ ሙያ ቀላል ስም አይደለም። ሕንድ ውስጥ ላሞች በዚህ መድኃኒት ይታከሙ ነበር። ሬሳቸውን የበሉ ጥንብ አንሣዎች ኩላሊታቸው እየደከመ ሊያልቁ ጥቂት ቀራቸው። በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ለከብት እንዳይሰጥ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። የውሻንም ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው።

"ሌላስ?"

"ባለፈው ሳምንት አንድ የእንስሳት ሐኪም እቤቴ ድረስ መጥቶ መርፌ ወጋልኝ። በማግስቱ እንዴት እንደሮጠ ብታይ!"

መርፌው ዴክሳሜታዞን፣ በአጭሩ ዴክሳ፣ የሚባል እብጠትና ሕመም የሚያጠፋ ስቴሮይድ ነበር። ክኒኑን እንደሚሰጡት ነግረውት እንደሆነ ጠየቅኩ። "ነግሬዋለሁ። ችግር የለውም አለኝ።"

ጨጓራ ከራሱ አሲድ የሚጠበቅበት ሽፋን አለው። ዳይክሎፌናክ ያንን ሽፋን ያሳሳል። ዴክሳም እንዲሁ። ሁለቱ ባንድነት ሲገቡ ጨጓራው ይቆስላል፣ ይደማል፣ ሊበሳም ይችላል። ጥቁሩ ሰገራ የጉበት አልነበረም፤ ተፈጭቶ የወጣ ደም ነው። ይህንን የእንስሳት ሕክምና የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

እትዬ መርፌው እንዲደገም ነበር የመጡት። ለዚህም ብር ቋጥረው ይዘዋል። እኔ ደግሞ መርፌውም ክኒኑም ዛሬውኑ ይቁም አልኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"መድኃኒት ፍለጋ መጥቼ መድኃኒት ትከለክለኛለህ?"

"እትዬ፣ ውስጡ እየደማ ነው።"

"እግሩን ነው ያመጣሁልህ፣ አንተ ሆዱን ታወራለህ! እሱ ልጅ በአንድ መርፌ አስነሥቶታል።"

"አስነሥቶታል፤ እውነት ነው።"

ይህንን ማመን ነበረብኝ። ዴክሳ ሕመሙን በእርግጥ ያጠፋል። ባለቤቱ በዓይኑ ያየውን ውሸት ነው ብለህ አታሳምነውም። ስለዚህ ስለ መርፌው መከራከሬን ትቼ ድዱን ገልጬ አሳየኋቸው፤ ቀጥሎ በር ላይ የቆመውን የእኛን ዘበኛ ውሻ ጠርቼ የእሱን ድድ አሳየኋቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። እትዬ ሁለቱን አይተው ዝም አሉ። ቀጥለው፣ "ይድናል?" ብቻ አሉ።

ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ጀመርንለት። ለስለስ ያለ ምግብ፣ በቂ ውኃ። ለሕመሙ ጨጓራ የማይነካ ጋባፔንቲን ጻፍኩለት። የሰው መድኃኒት ቤት "የውሻው ስም ታይሰን ነው?" ብለው መልሰው ደወሉልኝ፤ አረጋገጥኩላቸው፣ ሰጡ። እንዲህ ደውሎ የሚጠይቅ መድኃኒት ቤት ይብዛልን።

ማታ መርፌውን ለወጋው ባልደረባዬ ደወልኩለት። እንዲህ ነው ያለኝ፦ "አንተ ደግሞ! ያረጀ ውሻ አይደል እንዴ! ወጋሁት፣ ተነሣ፣ ሴትዮዋ ደስ አላቸው። ምን ጎደለ?"

ምን ጎደለ? ሊሞት ነበር። ያረጀ መሆኑ ሕመሙን አይቀንሰውም። እንዲያውም ኩላሊቱና ጉበቱ የደከመው እሱ ስለሆነ ጥንቃቄው ለእሱ ይበልጣል። ይህንን አልኩት። "እሺ ፕሮፌሰር" አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ደሙ ከቆመ በኋላ ነው ዋናው ሥራ የተጀመረው። አጠገባችን ባለው መኖ መሸጫ ሚዛን መዘንነው፤ 42 ኪሎ። እንደ አጥንቱ ከሆነ ከ38 ማለፍ አልነበረበትም። የከበደ ውሻ ከክብደቱ 6 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ማነከሱ እንደሚሻሻል በጥናት ታይቷል። ለታይሰን ይህ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። መድኃኒት ሳይሆን ሁለት ኪሎ ተኩል።

ዓሣ ቤት ውስጥ ውሻ ማክሳት ግን ፈተና ነው። ወጥ ቤት ያሉት ልጆች ይሰጡታል፣ ዘበኛው ያካፍለዋል፣ ደንበኛ የጥብሱን ጭንቅላት ከጠረጴዛ ሥር ይወረውርለታል። እትዬ ግድግዳው ላይ "ውሻውን አትመግቡ" ብለው ለጠፉ። ምግቡን በአንድ ሳህን ብቻ፣ በእሳቸው እጅ ብቻ አደረጉት። አንድ ደንበኛ አጥንት ሲጥል አይተው ሒሳቡን ሳይቀበሉ እንዳስወጡት ወጥ ቤቷ ነግራኛለች።

የሚተኛው ሴራሚክ ላይ ነበር። ሲነሳ እግሩ ይንሸራተታል፤ ቅዝቃዜውም ያደርቀዋል። ጭድ የተሞላ ጆንያ አነጠፉለት፤ ከበረንዳ እስከ በር ደግሞ አሮጌ ምንጣፍ ዘረጉ። ረዝሞ የነበረውን ጥፍሩን እኔ ቆረጥኩለት። ረጅም ጥፍር አረጋገጡን ያበላሻል፣ ለታመመ ዳሌ ተጨማሪ ሸክም ነው። ጠዋትና ማታ በሐይቁ ዳር ለስላሳው አፈር ላይ አጭር እርምጃ፣ በየቀኑ። ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ እሑድ ሲለቀቅ መሮጥ ግን አይሆንም፤ ሰኞን አይነሣም።

ለእንቁጣጣሽ ከ39 ኪሎ በታች ወርዶ ነበር። ደረጃውን ይወጣል፤ አንዱን ይወጣና ቆም ብሎ ሁለተኛውን። ጨጓራው በደንብ ከዳነና የኩላሊት ምርመራው ጥሩ ከሆነ በኋላ የዳይክሎፌናክ ወገን የሆነውን ግን ለውሻም የሚታዘዘውን ሜሎክሲካም በጥንቃቄ ጀመርንለት። ባለ 7.5 ሚሊግራሙን ክኒን ግማሽ፣ በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር፤ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ገደማ ይደርሳል። ሰገራው ከጠቆረ ወይም ካስመለሰው ያኔውኑ ይቆማል። ይህ ለታይሰን ብቻ የተመጠነ ነው፤ እባካችሁ ከዚህ ገልብጣችሁ ለውሻችሁ አትስጡ።

ዛሬም ያነክሳል። የተበላ መገጣጠሚያ አይመለስም። ግን ክረምት ጠዋት ላይ ሳይቀር ራሱ ተነሥቶ በር ድረስ ይሄዳል፤ ጭኑም መሙላት ጀምሯል።

ገና ሲደርስ እትዬ መጡ። ልጃቸው ከውጭ አገር ልትመጣ ነው። ታይሰንን ቡችላ ሆኖ ያሳደገችው እሷ ናት።

"ለበዓሉ ብቻ፣ አንዴ ያንን መርፌ ብትወጋልኝ? ሲሮጥ ትየው።"

"አይሆንም እትዬ። ሜሎክሲካም እየወሰደ ነው። ያው የበፊቱ ይደገማል።"

"ያ ልጅ እኮ ብጠራው እሺ ይለኛል።"

"አውቃለሁ። የምፈራውም እሱን ነው። ልጅዎት ሲያነክስ ብታየው ይሻላል፣ ከምታጣው።"

አልመለሱልኝም። ክትባቱን አስከትበው ሄዱ። እኔም ማታውን ለባልደረባዬ ደወልኩ። ውሻው የሚወስደውን መድኃኒት ስሙንና መጠኑን ነገርኩት። ቢጠሩህ ዴክሳ እንዳትወጋው አልኩት። "እሺ፣ እሺ" ብሎ ዘጋው።