የኋለኞቹ ዴስኮች ዝምታና የእኔ ተግባራዊ ምርምር

በአዲስ አበባ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ተግባራዊ ምርምር፣ ማለትም መምህር የራሱን አሠራር እየመረመረ የሚያሻሽልበትን ጥናት፣ ለመሥራት ስነሣ የመረጥሁት ርእስ «የተማሪዎች የመማር ፍላጎት ማነስ» የሚል ነበር። የትምህርት ክፍል ተጠሪያችን አንብበው፣ «ወንድሜ፣ ይህ ስለ ልጆቹ እንጂ ስለ አንተ ማስተማር ምንም አይጠይቅም» አሉኝ። ነገሩ ከነከነኝ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ይህ የምርምር አካሄድም ማቀድን፣ መተግበርን፣ ውጤቱን ማየትንና እንደገና ማቀድን በዙር የሚያያይዝ በመሆኑ፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ ሳይመረመር አያልፍም።

ስለዚህ ለልጆቹ ልበትነው አስቤ የነበረውን መጠይቅ ትቼ፣ አንዲት ባልደረባዬ ለአምስት ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጣ፣ ማን እንደ መለሰና እኔ ስንት ሰከንድ እንደ ጠበቅሁ እንድትመዘግብ ለመንኋት። ከ54 ተማሪዎች የመለሱት 11 ብቻ ሲሆኑ፣ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የፊት ረድፍ ልጆች ነበሩ፤ «ቲቸር እኔ!» የሚል እጅ እስኪወጣ የምታገሠውም ሁለት ሰከንድ አይሞላም ነበር። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ ባወጣቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁና ጥበቃው ሦስት ሰከንድ ሲደርስ የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም አሳይታለች። በእኛ ክፍል ችግሩ ይብሳል፤ ልጆቹ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረው ሳይንስን በእንግሊዝኛ የሚጀምሩት ገና በ7ኛ ነውና፣ ጥያቄውን ለመተርጎምም መልሱን መልሶ ለመተርጎምም ጊዜ ይሻሉ።

በመጀመሪያው ዙር ስም የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ከቆርቆሮ እያወጣሁ መጠየቅ ጀመርሁ። ስሕተት ነበር። በሦስተኛው ቀን ስሟ የወጣ ልጅ እንደ ቆመች እንባዋ መጣ፤ በማግስቱም ከትምህርት ቤት ቀረች። የዚያን ዕለት ማስታወሻዬን የጻፍሁት በከባድ ሐዘን ነው። በሁለተኛው ዙር ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አንድ ዴስክ የሚጋሩት ልጆች በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ሁለት ደቂቃ ተመካክረው መልሱን በእንግሊዝኛ ደብተራቸው ላይ እንዲጽፉ አደረግሁ፤ በዕጣ የሚወጣውም የልጅ ስም መሆኑ ቀርቶ የዴስክ ቁጥር ሆነ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ባልደረባዬ ስትመዘግብ የመለሱት 37 ደርሰው ነበር፤ ያቺ ልጅም ስለ ትነት ደብተሯን እያነበበች መለሰች።

ለሚጀምር መምህር የምመክረው ከመጠይቅ አስቀድሞ እንዲቆጥር፣ ያየውንም ሳያሳድር እንዲጽፍ ነው። በየዓመቱ የሚጠበቅብንን የ60 ሰዓት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ለማሟላት ብቻ የተሠራ ምርምር ማኅደር ውስጥ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛልም።

የፈተናው ውጤት ግን እምብዛም አልተሻሻለም። ልጆቹ ተመካክረው የመለሱትን ለብቻቸው በጽሑፍ ሲጠየቁ ይጠፋቸዋል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ደብተራቸውን በየሳምንቱ እየሰበሰብሁ፣ ያለ ጓደኛ እርዳታ የተጻፉትን ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች መቁጠር ጀምሬአለሁ።