ሪትሬድ ጎማ ስገዛ ጥርሱን አይቼ ገላውን ረሳሁት

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ባልባከነ ነበር ብዬ እስከዛሬ ስለሚቆጨኝ ነው። ፒካፔ ፎር ዊል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ ይውላል ግን በየሁለት ሳምንቱ ጭቃና ኮረኮንች ውስጥ ይገባል፣ የነበሩት ጎማዎች ደግሞ ጥርሳቸው አልቆ መላጣ ሆነዋል። አራት አዲስ የጭቃ ጎማ ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። የታደሰው ማለትም ሪትሬዱ የአዲሱን ግማሽ ዋጋ እንኳን አይሞላም ነበር፣ ይሄን ስሰማ ሌላ ነገር መጠየቅ አቆምኩ።

መጠን መምረጡ ምንም ችግር የለውም፣ አሮጌው ጎማ ላይ ያለውን መገልበጥ ነው። የኔ 265/75 አር 16 ነው፣ ስፋቱ 265 ሚሊ፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 75 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች። የጭነት ቁጥሩ 123 ይላል፣ በሙሉ ንፋሱ አንዱ ጎማ 1550 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ለኔ ተርፎኝ ነው። የጥርሱን ዓይነት ስመርጥ ትንሽ ተወዛገብኩ፣ በመጨረሻ የጭቃውን ወሰድኩ፣ ድምፁ አስፋልት ላይ እንደ ንብ ቀፎ ነው፣ ነዳጅም ይበላል፣ እሱን አውቄ ነው የገባሁበት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ሪትሬድ እንዴት እንደሚሠራ መጀመሪያ ልበል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይመጣል፣ ይመረመራል፣ ያረጀው ላስቲክ በማሽን ይፋቃል፣ የተበሳ ካለ ይጠገናል፣ ከዛ አዲስ ላስቲክ ይለብስና በሙቀት ይበስላል። ጥሬ ላስቲክ ለብሶ ጥርሱ ቅርጽ ውስጥ የሚወጣለት አለ፣ እሱ 150 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚበስለው፣ ጥርሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ እንደ ቀበቶ የሚጠመጠምበትም አለ፣ ያኛው ወደ 100 ዲግሪ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ አዲስ የሚሆነው ላዩ ብቻ ነው፣ ሽቦውም ክሩም ጎኑም የድሮው ነው። ካሲንግ የሚሉት እሱን ነው። ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው።

እኔ ታዲያ ምን አየሁ? ጥርሱን! ጣቴን ከትቼ ጥልቀቱን እየለካሁ፣ ላስቲኩን እየሸተትኩ፣ አራቱን ደርድሬ ፎቶ እያነሳሁ። ሻጩም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፣ «ወንድሜ፣ አውሮፕላን እንኳን በሪትሬድ ነው የሚያርፈው»። ውሸት አይደለም፣ አውሮፕላን በታደሰ ጎማ ያርፋል። ግን የአውሮፕላን ጎማ ስንት ጊዜ እንደታደሰ፣ መቼ እንደተመረመረ ተመዝግቦ ነው የሚሄደው። የኔ አራት ጎማዎች እናትና አባታቸው አይታወቅም።

ዕድሜውንማ አይቻለሁ ብዬ ነበር። ጎማ ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። አራቱም ላይ 2223 ይላል፣ የ2023 22ኛ ሳምንት። አዲስ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ እሱ የታደሰበት ቀን ነው! ካሲንጉ የተመረተበት ቀን ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቁጥሩ ባንዱ ጎን ብቻ ነው የሚጻፈው፣ እኔ ደግሞ ጎማውን ገልብጬ አላየሁም። ጎማ ለመገልበጥ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እስካሁን የሚያናድደኝ ይቺ ናት።

ጎማው ተገጠመ፣ ባላንስ ተሠራ፣ ወጣሁ። እስከ 60 ድረስ ሰላም ነው፣ 75 ስደርስ ወንበሩ ከስር ይንቀጠቀጣል። መሪው አይደለም፣ ወንበሩ፣ ስለዚህ ከኋላ ነው ማለት ነው። ተመለስኩ፣ ሌላ እርሳስ፣ ማለትም ቸርኬው ላይ የሚለጠፈውን የባላንስ ክብደት፣ ለጠፉበት። አልተወኝም። ሌላ ቦታ ሄድኩ፣ እዛም ለጠፉበት፣ አንዱ ቸርኬ ላይ ብቻ ከ200 ግራም በላይ እርሳስ ተሰልፎ ነበር። ሻጩ ጋ ስደውል «የጭቃ ጎማ ባህሪው ነው፣ ሲለምድ ይተወዋል» አለኝ፣ እኔም እውነት መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ እስኪለምድ ጠበቅኩ። ጎማ ምን ይለምዳል እስቲ!

ከዛ አንድ ቀን ኮረኮንች ላይ ፎር ዊል አስገብቼ ቆየሁና ላወጣው ስል ማንሻው ድርቅ ብሎ አልወጣ አለኝ፣ ትንሽ ወደኋላ ስሄድ ነው ቷ ብሎ የለቀቀው። ያኔ ነው የደነገጥኩት። አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት፣ ማሽኑን እንኳን አልነካም፣ «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ጎማዎች ወንድማማች ናቸው?» አለኝ። አልገባኝም። አራቱን እኩል ንፋስ ሞልቶ ዙሪያቸውን በሜትር ለካው። ሦስቱ 2 ሜትር ከ52 አካባቢ ናቸው፣ የኋላ ግራው 2 ሜትር ከ48። ጥርሳቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ካሲንጋቸው ግን የተለያየ ፋብሪካ ነው፣ ጎናቸው ላይ የተጻፈው መጠን አንድ ቢሆንም ሲለካ አንድ አይደለም። 4 ሳንቲም ምን አላት እንዳትሉ፣ ትንሹ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎሜትር ከሌሎቹ ስድስት ዙር ገደማ ተጨማሪ ይዞራል ማለት ነው፣ ባንድ ወገን የግራና የቀኙን ጎማ ፍጥነት የሚያቻችለው ዲፈረንሻል ያለእረፍት ይሠራል፣ ፎር ዊል ሲገባ ደግሞ የፊቱና የኋላው ስለሚተሳሰሩ ትርፉ መሄጃ አጥቶ ካምቢዮው ላይ ይጠመዘዛል።

«ጋሼ፣ መንቀጥቀጡም ከዚህ ነው?» አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ እጄን ይዞ ጥርሱ ላይ አስኬደው፣ አንድ ቦታ ላይ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የምታክል እብጠት አለች፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ ትሞቃለች። አዲሱ ላስቲክ ከካሲንጉ መላቀቅ ጀምሯል። አውርደን ስንገለብጠው የውስጠኛው ጎን 3512 ይላል። የ2012! እኔ እንደ አዲስ የገዛሁት ጎማ ሲታደስ ራሱ 11 ዓመቱ ነበር። የሌሎቹ ሦስቱ 2018 እና 2019 ናቸው፣ እነሱ ይሁን። ከፍጥነት ላይ ጥርሱ ተልጦ ፓራፋንጎውን ይዞት ሊሄድ ምን ያህል ቀርቶት እንደነበር ሳስበው ዛሬም ደስ አይለኝም።

ዋስትና አለው ተብሎ ነበር። ሄድኩ። ዋስትናው የሚሠራው «ከፋብሪካ ስህተት» ከሆነ ነው፣ አንተ ንፋስ አሳንሰህ ነድተህ ይሆናል፣ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የካሲንጉ ቁጥር ስለሌለ ይሄ ጎማ ከኛ መውጣቱን በምን እናውቃለን ተባልኩ። ደረሰኙን የጻፉት እነሱ ናቸው፣ ቁጥሩን ያልጻፉትም እነሱ ናቸው! ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ተውኩት።

አሁን ብገዛ ምን አደርጋለሁ? አራቱም ካሲንግ ያንድ ፋብሪካ፣ ያንድ ሞዴል ካልሆነ አልነካም፣ ሻጩ «ልዩነት የለውም» ካለ ሜትሬን ይዤ እወጣለሁ። ብዙ አምራቾች ጎማ እስከ 10 ዓመት ይሄዳል ይላሉ፣ እኔ ለሚታደስ ካሲንግ ከ5 በላይ አልቀበልም፣ ፈሪ በሉኝ። ውስጡን በእጅ ባትሪ አያለሁ፣ የተለጠፈ ጥገና ጎኑ አካባቢ ካለ ይቅርብኝ። የእያንዳንዱን ካሲንግ ቁጥር ደረሰኝ ላይ አስጽፋለሁ፣ ቢሰለቻቸውም። ንፋስ ላይ ደግሞ በሩ ፍሬም ላይ ያለውን ተለጣፊ ተከተል ይላሉ፣ እሱ ግን ፋብሪካው ለገጠመው ጎማ የተሰላ ነው፣ እንዲህ ያለ ወፍራም የጭነት ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ እኔ 40 ፒኤስአይ ነው የምነዳው። ጭቃ ውስጥ ወደ 20 አወርደዋለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ አስፋልት ሳልነካም መልሼ እሞላለሁ፣ ምክንያቱም ሪትሬድን የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ ያነሰ ንፋስ ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሪትሬድ አትግዙ አልልም፣ እንዳውም ሦስቱ ጎማዎች እስካሁን አሉ፣ ጭቃ ላይ እንደ በሬ ነው የሚጎትቱት። ለአራተኛው ዙሪያው የሚገጥም ካሲንግ ፍለጋ ሜትር ይዤ ስዞር ከረምኩ፣ በመጨረሻ 2 ሜትር ከ52 የሆነ የ2019 አገኘሁ። ያበጠውን ስኮርታ አድርገው ያለኝ ነበር፣ እኔ ግን ጎኑን በመጋዝ ቆርጬ ነው የጣልኩት፣ ማንም አንስቶ ድጋሚ እንዳያድሰው።