ስልኬ ዝም ያለበት ሌሊት

ወገኖቼ፣ የጌታ ስም ይባረክ! ይህን ስጽፍ አሁንም እንባዬ ይመጣል።

ልጄ ፍሎሪዳ ሄሊኮፕተር ማብረር ይማር ነበር። አንድ ተማሪ የአብራሪነት ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ብቻውን ረጅም በረራ ማድረግ አለበት፤ በድምሩ 100 የባሕር ማይል (185 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ሦስት ቦታ እያረፈ። አጠገቡ አስተማሪ የለም። ሊነሳ ሲል «እማ፣ ልበር ነው» ይለኛል። ሲወርድ ግን «አረፍኩ» እንዳይለኝ ነግሬዋለሁ። ቃሉ ለሞተ ሰው ስለሚባል ይከብደኛል። «ደረስኩ» ይበለኝ።

የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ነበር። ሐዋሳ በእንግዳ ተሞልታለች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መልእክቱ ገባ፤ እዚያ ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ላይ ከመጀመሪያው ቦታ «ደረስኩ» አለኝ። ከሁለተኛው ግን ዝም። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል። ስልኬን ረከቦቱ ላይ አቁሜ አያለሁ፤ መብራቱ ሲጠፋ ነክቼ አበራዋለሁ። ኔትወርክ ይሆን ብዬ በረንዳ ወጣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስድስት ሰዓት ላይ አብሮት የሚኖረው ልጅ ደወለ። «እማማ፣ አይደንግጡ። የበረራ ዕቅድ አስመዝግቦ ነው የወጣው። መድረሻ ሰዓቱ 30 ደቂቃ ሲያልፍ ፍለጋ ይጀመራል። እየፈለጉት ነው።»

ጉልበቴ ከዳኝ።

እውነቱን ልናገር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጌታን አኩርፌው ነበር። ስንት ጾሜ፣ ስንት ለምኜው ነበር! እሁድ እሁድ ቸርች እሄዳለሁ፣ አፌ ይዘምራል፣ ልቤ ግን ዝግ ነው። ያን ሌሊት ጮህኩበት። «አባቱን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ እሱን?» አልኩት። ጸሎት አልነበረም፤ ቁጣ ነው።

ጎረቤቴ ድምፄን ሰምታ መጣች። ኦርቶዶክስ ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ለገብርኤል ልትወጣ ስትል ነው። ቀረች። እጄን ይዛ እሷ በእሷ፣ እኔ በእኔ ጸለይን። እህቴ፣ ውለታሽን እሱ ይክፈልልኝ!

ያኔ ሳላስበው ቃሉ ከአፌ ወጣ፦ «እንደ ንስር የንጋትን ክንፍ ብወስድ፣ እስከ ባሕር መጨረሻም ብበርር፣ በዚያ እጅህ ትመራኛለች፣ ቀኝህም ትይዘኛለች።» ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ ያንኑ ስደጋግም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። «እማ፣ ሜዳ ላይ አርፌ ነው! ደህና ነኝ!» ያንን የምፈራውን ቃል ሰምቼ እልል አልኩ።

ሁለተኛው ኤርፖርት ሄዶበት የማያውቀው ነበር። መቆጣጠሪያ ማማ የለውም፤ አብራሪዎቹ ራሳቸው በሬዲዮ «እዚህ ነኝ፣ ልገባ ነው» እየተባባሉ ነው የሚያርፉት። ሊደርስ ሲል ነጎድጓድ መጣ። ሁለት አውሮፕላኖች ዝናቡን ለመቅደም ሲጣደፉ በሬዲዮ ይሰማል፤ በዓይኑ ግን አንዱንም አላገኘም። ቦታውን አያውቀው፣ መሃላቸው ቢገባስ? ትቶት ዞረ። የመጣበትም በደመና ተዘግቷል። የከብት ግጦሽ አየና ዝቅ አለ። መሬቱ ቀርቦ ሳር ሲተኛ እያየ፣ በጎን በኩል አንድ የእንጨት ምሰሶ ታየው። አስተማሪው «ሽቦ ከላይ አይታይህም፣ ምሰሶ ፈልግ» ይለው ነበር። ሽቦው ሊያርፍ ባለበት ላይ ያልፋል! ከፍ ብሎ ዞረና ማዶ አረፈ። ስልኩ ኔትወርክ የለው። ከብቶቹን ሊያይ የመጣ ሽማግሌ እስኪያገኘው ድረስ እዚያው ጠበቀ። ያ ሰው ዘሩ ይባረክ። ለአስተማሪውም ጌታ ዕድሜ ይስጥልኝ። ምሰሶዋን ያሳየው ግን ጌታ ነው። ሌላ አልልም።

ወራት አለፉ፤ ፈቃዱን ያዘ።

አሁን አዲስ ኤርፖርት ከመሄዱ በፊት ደውሎ ይጠይቃል፤ ሽቦ የት አለ፣ ሄሊኮፕተር በየት ይገባል፣ የት ይቆማል። ከዚያ የቦታውን ስም ይልክልኛል። ደብተሬ ላይ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። አጠራሩን ብሳሳትም ጌታ ያውቀዋል። ዛሬ ማታ አንድ አዲስ ስም አለኝ።