እንጦጦን በሩጫ

ዛሬ እንጦጦን በሩጫ ወጣሁት። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ያለው ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በመኪና ስወጣ የሚያመልጠኝን ሁሉ አየሁ፦ የባሕር ዛፉን ሽታ ጠገብኩ፣ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን አገኘሁ (እውነተኛዎቹ ብርቱዎች እነሱ ናቸው)።

እንጦጦ ማርያም ደጅ ስደርስ ቆሜ ተሳለምኩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። አጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የነጣ ቤት ነው። እንዴት ደስ ይላል! እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው ወደ ሜዳው ባይወርዱ ኖሮ፣ ከተማችን እዚሁ ብርድ ላይ ትቀር ነበር ይሆናል።

ልጆቻችሁን በእግራቸው አውጧቸው። ቁልቁለቱ ላይ ግን አደራ፣ ጠጠሩ ያንሸራትታል።